አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ፦ የማያቋርጥ አየር ማስወጫ በመኖሪያ ቤት

የኮሮና ቫይረስ ከታማሚው አፍና አፍንጫ በሚወጡ ፍንጣቂዎች ይተላለፋል። ከእነዚህ ፍንጣቂዎች ከበድ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ሳይርቁ ወደ መሬት ይወርዳሉ። እጅግ ደቃቅ የሆኑት ግን አየሩ በታፈነበት ክፍል ውስጥ እንደ ሲጋራ ጢስ ተንሳፈው ለሰዓታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ታማሚው ክፍሉን ለቆ ከሄደ በኋላም ተከትሎ የገባው ሰው ይስባቸዋል። እጅ መታጠብ ለእነዚህ ደቃቅ ፍንጣቂዎች ብዙም አይረዳም። አካላዊ ርቀትም በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ቤተሰብ የሚሠራው በከፊል ብቻ ነው። ጭምብል ጠቃሚ ቢሆንም ሰው በቤቱ ሲበላና ሲተኛ ጭምብል አያደርግም። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚቀረው ዐቢይ መከላከያ እንግዲህ የክፍሉን አየር ሳያቋርጡ መለወጥ ነው።

«መስኮት ይከፈት» የሚለው ምክር በወረርሽኙ ወቅት ደጋግሞ ተነግሯል፤ በተግባር መዋሉ ግን አጠራጣሪ ነው። ምክንያቱ የኅብረተሰቡ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ በክረምት ዝናብም ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሌሊቱን መስኮት ከፍቶ ማደር ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይመችም። በምድር ቤት የሚኖር ሌባን ይፈራል፤ በዋና መንገድ ዳር የሚኖር አቧራና ጫጫታ ያስቸግረዋል፤ በቆላማ አካባቢ ደግሞ የወባ ትንኝ አለች። በዚህ ላይ «ነፋስ ይመታል» የሚለው የቆየ ሥጋት ይታከልበታል፤ በታክሲም ሆነ በቤት መስኮት የከፈተ ሰው «ኧረ ዝጋው» መባሉ አይቀርም። ነፋስ በራሱ ኮቪድንም ሆነ ጉንፋንን እንደማያመጣ፣ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ማስረዳት ተገቢ ነው። ሆኖም ምክሩ ሌሊትና ክረምት ሲመጣ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሰዎች በብዛት ቤት ውስጥ በሚሰባሰቡበት ጊዜ መከላከያው የለም ማለት ነው። መስኮቱ ተዘግቶም አየሩ የሚለወጥበት ዘዴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የታሸገ ቤት

ይኸው ጥያቄ በቀዝቃዛ ሀገሮች ከወረርሽኙ አስቀድሞ፣ በሌላ ምክንያት ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለቤት ማሞቂያ የሚወጣውን ኃይል መቆጠብ ግድ ሆነ። ግድግዳና ጣሪያ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ተሸፈነ፤ መስኮቶች ባለ ሁለት መስተዋት ሆኑ፤ ስንጥቅ ሁሉ ተደፈነ። ቀድሞ ማንም ሳያስበው በስንጥቁ ይገባና ይወጣ የነበረው አየርም አብሮ ተቋረጠ። ቤቶቹ ሞቁ፤ ነገር ግን ከማብሰያና ከመታጠቢያ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ አጥቶ ግድግዳው ሻጋታ ያበቅል፣ የመኝታ ቤቱም አየር ይከብድ ጀመር።

ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ መላውን ቤት የሚያገለግል፣ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ አየር ማስወጫ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ደንብ የአዳዲስ ቤቶች አየር ለውጥ መላውን ቤት የሚያዳርስና የማያቋርጥ እንዲሆን አዘዘች፤ በ1982 ደግሞ ከየክፍሉ መውጣት ያለበትን የአየር መጠን ወሰነች። በስዊድን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በሴኮንድ 0.35 ሊትር አየር እንዲገባ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ የወጣው የሕንፃ ደንብ መመሪያ ለባለ ሁለት መኝታ ቤት በሴኮንድ ቢያንስ 25 ሊትር፣ ለባለ ሦስት መኝታ ደግሞ 31 ሊትር ይጠይቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በወጥ ቤት፣ በመታጠቢያ ቤትና በመጸዳጃ ቤት፣ ማለትም እርጥበትና ሽታ በሚበዛባቸው ክፍሎች፣ አየር የሚስብ ማራገቢያ ይተከላል። በገበያ ላይ «ኤግዞስት ፋን» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ ማለት ነው። ማራገቢያው አየሩን ወደ ውጭ ሲያስወጣ የቤቱ የአየር ግፊት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ንጹሕ አየር በመኝታ ቤትና በሳሎን መስኮቶች አናት ላይ በተተዉ ጠባብ ክፍተቶች በኩል ይገባል። ከዚያም በበሮች ሥር አልፎ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ወይም በወጥ ቤቱ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ መግቢያ፣ መተላለፊያና መውጫ። ከሦስቱ አንዱ ከተዘጋ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አየር አያንቀሳቅስም። ብርዱን ለመከላከል የመስኮቱን ክፍተት በፕላስተር የሚያሽግ፣ በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ የሚደፍን ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ በውጭ ሀገር ለማሞቂያ ከፍተኛ ክፍያ ያለባቸው ወገኖችም ይህን ለማድረግ ይፈተናሉ። በበር ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ለአየሩ መተላለፊያ በቂ ነው።

በሀገራችን ቤት የሚታሸገው ማሞቂያ ለመቆጠብ አይደለም። ውጤቱ ግን ተቀራራቢ ነው። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት፣ የጢሱ ጉዳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ፣ በየስንጥቁ አየር ይለዋወጣል። በከተሞች እየበዙ የመጡት አፓርታማዎች ግን በአልሙኒየም መስኮት፣ በመስተዋትና በሴራሚክ የተሠሩ በመሆናቸው መስኮታቸው ሲዘጋ እጅግ ጥቂት አየር ነው የሚያስገቡት። በአንዳንዶቹም መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስለሌለው ማራገቢያ ተገጥሞለታል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ማራገቢያ የሽታ ማስወገጃ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከመብራቱ ጋር ይበራል፣ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።

ለምን ሳያቋርጥ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአየር ዝውውር መመሪያ ከጤና ተቋማት ውጭ ባሉ ክፍሎች ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲደርስ ይመክራል። ይህ ቁጥር በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሴኮንድ 10 ሊትር ማለት በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ባለበት በዚህ ክፍል አየሩ በሰዓት ከአንድ ጊዜ ጥቂት በለጥ ብሎ ይለወጣል። ይሁን እንጂ አየሩ አንድ ጊዜ ተለወጠ ሲባል አሮጌው ሁሉ ወጣ ማለት አይደለም። የሚገባውና የሚወጣው እየተቀላቀሉ ስለሚሄዱ ከአሮጌው አየር 37 በመቶ ያህሉ በክፍሉ ይቀራል። የቀረው ወደ 5 በመቶ የሚወርደው ከሦስት ለውጥ በኋላ፣ በዚህ ምሳሌ መሠረት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

ይኸው ማራገቢያ ከመብራቱ ጋር በርቶ ለ10 ደቂቃ ብቻ ቢሠራ የሚያወጣው 6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም የአንዱን ክፍል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ታማሚው ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ መተንፈሱን አያቆምም። በዝግታ የሚሠራና ሌሊቱን ሙሉ የማይቋረጥ አነስተኛ ማራገቢያ አልፎ አልፎ ከሚበራ ኃይለኛ ማራገቢያ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ምግብ ሲበስልና ገላ ሲታጠቡ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ፣ በሌላው ጊዜ ዝቅ አድርጎ መተው ይቻላል። የኤሌክትሪክ ወጪው የሚያስፈራ አይደለም፤ 10 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ወሩን ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ የሚጠቀመው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ዘወትር የሚታየው እንቅፋት ድምፁ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የሚጨምረው በማራገቢያው ላይ አቧራና ቅባት ሲከማች ነው። ያንኑ አቧራ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ማጽዳት የሚወጣውንም አየር ይጨምራል።

ማራገቢያው በእርግጥ አየር መሳቡን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ማራገቢያው ሽፋን ማስጠጋት ይበቃል። ሶፍቱ ከሽፋኑ ጋር ከተጣበቀ ይሠራል፤ ከወደቀ አይሠራም ወይም አየሩ መግቢያ አጥቷል። ወደ ቤት ውስጥ ከተገፋ ግን ከዚህ በታች የሚነገረው ችግር አለ ማለት ነው።

ታማሚው የትኛው ክፍል ይተኛ?

ቀላል ምልክት ያለበት ሰው በቤቱ ተለይቶ እንዲቆይ ሲወሰን ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ ከሌሎች የራቀውን፣ ጥግ ላይ ያለውን መኝታ ቤት ይመርጥለታል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የአየሩ አቅጣጫ ካልታሰበበት ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ከላይ እንደተገለጸው ማራገቢያው አየሩን ከመኝታ ቤቶች ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ መታጠቢያ ቤት ይስባል። ታማሚው ከመታጠቢያ ቤቱ በራቀው ጥግ ከተኛ የተነፈሰው አየር በበሩ ሥር ወጥቶ፣ ኮሪደሩን በሙሉ አቋርጦ፣ በሌሎቹ በር እያለፈ ይጓዛል። በደኅና ጊዜ ቤቱን የሚያድሰው ያው ጉዞ አሁን ቫይረሱን የሚያመላልስ ይሆናል።

የራሱ መታጠቢያ ቤት ያለው መኝታ ቤት ካለ ለታማሚው የሚገባው እሱ ነው፤ አባወራውና እማወራዋ የሚተኙበትም ቢሆን መልቀቁ ይመከራል። የዚያን መታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ቀንና ሌሊት ማብራት፣ በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለውን በር ገርበብ ማድረግ፣ ወደ ኮሪደር የሚያስወጣውን በር ግን መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ሲደረግ የኮሪደሩ አየር በበሩ ሥር ወደ ታማሚው ክፍል ይገባል፣ ከዚያም በማራገቢያው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። አቅጣጫውን ለማረጋገጥ ከኮሪደሩ በኩል በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሶፍት አንጠልጥሎ ወደ ክፍሉ መሳቡን ማየት ነው። በወጥ ቤት ወይም በሌላው መታጠቢያ ቤት ያለ ኃይለኛ ማራገቢያ በዚሁ ጊዜ ቢበራ አየሩን ከታማሚው ክፍል ወደ ኮሪደር ሊስበው ስለሚችል፣ ሲበራ የሳሎኑን መስኮት መክፈት ተገቢ ነው። የታማሚውን ክፍል መስኮት መክፈትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ነፋሱ በቀጥታ በመስኮቱ እየገባ አየሩን በበሩ ሥር ወደ ኮሪደር የሚገፋው ከሆነ መስኮቱን ማጥበብ ይሻላል። ይህንንም ሶፍቱ ያሳያል።

መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ሲሆን አሠራሩ ይለወጣል። ለታማሚው ለመታጠቢያ ቤቱ የቀረበው፣ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ይሰጠዋል። መስኮቱ ተከፍቶ በሩ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተትም በጨርቅ ይደፈናል። ክፍተቱን መድፈን የሚመከርበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። የሌሎቹ ክፍሎች መስኮት ገርበብ ብሎ ሲከፈት ማራገቢያው የሚፈልገውን አየር ከእነሱ ስለሚያገኝ ከታማሚው ክፍል አይስብም። ታማሚው መታጠቢያ ቤቱን ተጠቅሞ ሲወጣ ማራገቢያው እንደበራ፣ በሩም እንደተዘጋ ይቆይ። 7.5 ሜትር ኩብ የሚይዝ ትንሽ መታጠቢያ ቤት በሴኮንድ 10 ሊትር በሚያወጣ ማራገቢያ አየሩን ሦስት ጊዜ ለመለወጥ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ከዚያ በፊት መግባት ግድ የሆነበት ሰው ጭምብል አድርጎ ቢገባ ይመረጣል።

በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሁሉ አያገለግልም። በርና መስኮቱን ትይዩ ከፍቶ ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ታማሚውን፣ በሚገባበት በኩል ሌሎቹን ማስቀመጥ የሚቻለውን ያህል ይረዳል። ይሁን እንጂ አረጋዊ ወይም የስኳር፣ የልብ፣ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው በዚያው ክፍል ካለ፣ ታማሚው በቤት ይቆይ ከመባሉ በፊት በ8335 ወይም በ952 ነፃ የስልክ መስመር ደውሎ ምክር መጠየቅ ይገባል።

ከሆንግ ኮንግ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በማርች 2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ከ300 በላይ ነዋሪዎች በሳርስ ተያዙ። ሳርስ ከኮቪድ-19 ጋር አንድ ዝርያ ባለው ቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ምርመራው እንዳሳየው መነሻው ተቅማጥ የያዘው አንድ ታማሚ ሕንፃውን መጎብኘቱ ሲሆን፣ ቫይረሱ ከአንዱ መኖሪያ ወደ ሌላው የተዛመተው ካስቻሉት መንገዶች ዋነኛው በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ነበር። ከመውረጃው ሥር ያለው፣ ቧንቧ ሠራተኞች «ሲፎን» የሚሉት ጠማማ ቧንቧ፣ ውሃ ይዞ የፍሳሹን አየር ማገድ ነበረበት። በብዙ ቤቶች ግን ወለሉ በውሃ ስለማይታጠብ ሲፎኑ ደርቆ ነበር። ነዋሪዎቹ በራቸውን ዘግተው ማራገቢያውን ሲያበሩ፣ ማራገቢያው መግቢያ ያጣውን አየር ከፍሳሽ ቧንቧው ሳበው።

ይህ ታሪክ ማራገቢያውን ለመጥላት ምክንያት አይሆንም፤ አየር በፈቀዱለት ካልገባ ባልፈቀዱለት እንደሚገባ ግን ያሳያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የከተማችን አፓርታማዎች ወለሉ ለሳምንታት ውሃ ሳይነካው ሊቆይ ስለሚችል ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ በእያንዳንዱ የወለል መውረጃ ላይ ማፍሰስ ሲፎኑን ሞልቶ ያቆየዋል፤ የልብስ ማጠቢያ እጣቢም ቢሆን ያገለግላል። እንግዳ ብቻ የሚጠቀምበት መታጠቢያ ቤት ካለ በተለይ እሱ ይታሰብበት። ከመውረጃው የፍሳሽ ሽታ መምጣቱ ሲፎኑ መድረቁን የሚናገር ግልጽ ምልክት ነው።

ሌላው የሽታ ምልክት ከላይ ይመጣል። በአንዳንድ ሕንፃዎች የብዙ ፎቆች ማራገቢያ አየሩን የሚያወጣው ባለሙያዎች «ዳክት» በሚሉት አንድ ቀጥ ያለ መውጫ ነው። ማራገቢያው አየርን ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ የማያሳልፍ ክዳን ከሌለው፣ ወይም ክዳኑ በቅባት ተጣብቆ ከቀረ፣ የታችኛው ቤት አየር በላይኛው ቤት ይወጣል። የጎረቤት የሽንኩርት ቁሌት በራስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሸተተ፣ የጎረቤት ትንፋሽም በዚያው መንገድ መምጣት ይችላል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ማስጠገን፣ እስኪጠገንም ማራገቢያውን ሳያጠፉ በዝግታ ማሠራት ያስፈልጋል፤ ማራገቢያው እየሠራ እስካለ ድረስ አየሩ ወደ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር በጋራ ቢያስፈትሸው ግን ይሻላል፤ የአንዱ ቤት ክዳን መጠገን የሌላውን አያድንም።

ከማራገቢያ የማይጠበቅ

አየር ማስወጫ ያለው ቤት ከሰል ሊነድበት ይችላል ማለት አይደለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ይገድላል፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የተሠራ ማራገቢያም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ጢስ መውጫ ባለው ምድጃ ወይም በጋዝ በሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ላይ ደግሞ ማራገቢያው ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። መስኮቱ ተዘግቶ በኃይል ሲስብ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበትን ጢስ ወደ ቤት መልሶ ያወርደዋል። ቡና ሲፈላና ምድጃ ሲቀጣጠል መስኮት መክፈት የግድ ነው።

አየር የሚያንቀሳቅስ ሁሉ አየር የሚለውጥ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በድሬዳዋ፣ በሰመራና በጋምቤላ ቤቶች በብዛት የሚታየው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማቀዝቀዣ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ለዚያው ክፍል ይሰጣል፤ ከውጭ የሚያስገባው የለም። ከምድጃ በላይ ከሚሰቀሉት ጢስ መሳቢያዎችም አንዳንዶቹ ወደ ውጭ የሚወጣ ቧንቧ ስለሌላቸው ሽታውን አጣርተው አየሩን ወደ ወጥ ቤቱ ይመልሱታል። ዕጣንና ባሕር ዛፍ ማጤስ ደግሞ ቫይረሱን አያስወግድም፤ በሳል ለተያዘ ታማሚ ጢስ መጨመር ብቻ ነው።

መብራት በጠፋ ጊዜ ማራገቢያው ይቆማል። ታማሚ ያለበት ቤት መብራቱ እስኪመለስ መጠበቅ የለበትም። የታማሚው ክፍል በር እንደተዘጋ መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት፣ ታማሚውን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ማልበስ፣ በሌሎቹም ክፍሎች ቢያንስ አንዳንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይመከራል። መብራቱ ሲመለስ አንዳንድ ማራገቢያዎች በራሳቸው ስለማይነሡ ማብሪያውን ዳግም መጫን፣ መሳቡንም በሶፍቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።